የአመጋገብ መጠይቅ ምን ያህል ይታመናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሥርዓተ ምግብ ትምህርት ሲያልቅ ሁሌም ወረቀት ይከተላል። «ባለፈው ሳምንት ጎመን ስንት ጊዜ በሉ?» «ለልጅዎ እንቁላል ሰጡ?» ከዚያ ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ሰው ተለውጧል። እኔም ይህን ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ብዙ ዞሬያለሁ። ከተማሪዎች፣ ከመረጃ ሰብሳቢዎችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጊዜው የሚነሱልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

«መጠይቁ ትክክለኛ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

እለካለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ይለካል ማለት ነው። የሚጠይቀው ስለ ሰው ገበታ ከሆነ፣ መልሱ ገበታው ላይ ከነበረው ጋር መገጣጠም አለበት። ይህን ለማወቅ መጠይቁን ከተሻለ መለኪያ ጎን አስቀምጦ ማስተያየት ግድ ነው። አምስት ባለሙያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ስላለ ብቻ ተፈተነ አይባልም።

ደጋግመን ጠይቀን ተመሳሳይ መልስ ካገኘንስ? ያ አይበቃም?

አይበቃም። ያ ወጥነት ነው። የነጋዴ ሚዛን ሁሌ መቶ ግራም ቢሰርቅ ወጥ ነው፤ ግን ይሰርቃል። ወጥነትም ቢሆን ለብቻው መታየት አለበት። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ጊዜ በጣም ካጠረ ሰው የቀድሞ መልሱን አስታውሶ ይደግማል። በጣም ከረዘመ ደግሞ አመጋገቡ ራሱ ይቀየራል።

ሰው የበላውን እሱ አይደል የሚያውቀው? ለምን እንጠራጠረዋለን?

አብዛኛው ሰው አይዋሽም፤ ይረሳል። የትናንቱ ሽሮ ትዝ ይለዋል። ቡና ላይ የቆረጠመው ቆሎ ግን ከአእምሮው ወጥቷል። ስኳሩም እንደዚያው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ያደረገ ሰው ስድስት ማንኪያ ስኳር ጠጥቷል። «ቁርስ በልተዋል?» ስትለው ግን «ኧረ ምንም አልቀመስኩ» ይልሃል። ቡና ምግብ ነው እንዴ?

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይህን አውቆ አንድን ቀን በ5 ዙር የሚያስታውስ የአጠያየቅ ዘዴ አበጅቷል። አንደኛው ዙር ሥራው የሚረሱትን ብቻ መፈለግ ነው፤ መጠጡን፣ ጣፋጩን፣ መክሰሱን።

ከመርሳት ቀጥሎ መጠን አለ። «ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት ገባ?» ብለህ የአገሬን ባለሙያ ሴት ጠይቃት። በዓይኗ ነው የምታፈሰው።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ቤት ድረስ ለመጣ እንግዳ «ትናንት ማታ ሳንበላ አደርን» ማለት ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል እርዳታ ሊመጣ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው የበላውንም ላይናገር ይችላል። ስለዚህ ስህተቱ ሁሌ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም።

መጠይቁ የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው?

እዚህ ላይ ሰው የሚጠብቀው አንድ እውነተኛ መለኪያ አለ ብሎ ነው። የለም። ያሉት በደረጃ የሚሻሉ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ምግብን በሚዛን መመዝገብ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ጠዋት ቤት ይገባል፤ የሚበስለውን፣ የሚቀርበውን፣ የተረፈውን ሁሉ ይመዝናል። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጣጣ አለው። ሚዛን ይዞ ማድ ቤት የተቀመጠ እንግዳ ባለበት ቤት ያ ቀን የወትሮው ቀን አይሆንም። ወይ ዶሮ ይታረዳል፣ ወይ ሴትየዋ አፍራ ቁርሱን ትዘለዋለች።

ሁለተኛው የ24 ሰዓት ትውስታ ነው፤ ትናንት የተበላውን አንድ በአንድ ማስታወስ። ቀላልና ርካሽ ስለሆነ በሰፊው ይሠራበታል። ችግሩ እሱም በሰው ትዝታ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። መጠይቁ የሚረሳውን እሱም ይረሳል። ሁለቱ ሲስማሙ አንዳንዴ ስህተት ላይ ነው የሚስማሙት።

ሦስተኛው ከሰውነት የሚወሰድ ማስረጃ ነው። እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው፤ ሽንት ይሉኝታ አያውቅም። ፕሮቲን 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። ከተበላው ናይትሮጂን 80 በመቶ ገደማ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ የ24 ሰዓት ሽንት ተሰብስቦ ናይትሮጂኑ ቢለካ፣ በሽንት ያልወጣው ታስቦ በ6.25 ቢባዛ፣ ሰውየው የበላው ፕሮቲን በግምት ይታወቃል። ጨውም በዚሁ መንገድ በሶዲየም ይያዛል። ሰው የአንድ ቀን ሽንቱን በሙሉ ማጠራቀሙን ለማረጋገጥ ደግሞ ፓባ የሚባል ክኒን ይሰጠዋል። ክኒኑ ከሞላ ጎደል በሽንት መውጣት አለበት። ካልወጣ አንድ ጠርሙስ የሆነ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው።

ለኃይል፣ ማለትም ለካሎሪ፣ ከሁሉ የሚታመነው ከባድ ሃይድሮጂንና ከባድ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ማጠጣት ነው። ሃይድሮጂኑ በውሃ መልክ ብቻ ይወጣል። ኦክስጅኑ ግን በውሃም በምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። ለሁለት ሳምንት ገደማ ሽንት እየታየ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰላ፣ ሰውየው ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳወጣ፣ ከዚያም ስንት ካሎሪ እንዳቃጠለ ይገኛል። ክብደቱ ካልተቀየረ ያቃጠለው የበላውን ያህል ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም።

ሰዎች ምን ያህል አሳንሰው ነው የሚናገሩት?

በጣም የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1999 እና 2000 በአሜሪካ ሜሪላንድ የተደረገው ኦፕን የተባለው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ 484 ሰዎች ያን ልዩ ውሃ ጠጡ፤ ሽንታቸው ተለካ፤ መጠይቅም ሞሉ። በ24 ሰዓት ትውስታ ወንዶቹ የካሎሪያቸውን ከ12 እስከ 14 በመቶ፣ ሴቶቹ ከ16 እስከ 20 በመቶ አሳንሰው ተናገሩ። በድግግሞሽ መጠይቁ ላይ፣ ማለትም «በወር ስንት ጊዜ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ» በሚለው ረጅም ቅጽ ላይ፣ ጉድለቱ በወንዶች ከ31 እስከ 36፣ በሴቶች ከ34 እስከ 38 በመቶ ደረሰ። ከሦስት ጉርሻ አንዱ ወረቀቱ ላይ የለም ማለት ነው።

ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ አገር ማምጣት አይቻልም። እነዚያ ሰዎች መወፈር የሚያሳስባቸው ናቸው። እኛ ዘንድ አንዳንዱ ቤት የሚያሳፍረው መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው።

ትምህርት ከሰጠን በኋላ ስንጠይቅ የተለየ ችግር አለ?

አለ። እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቤት ገባን። ትምህርቱን ለወራት ተከታትለዋል። «እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት ለሕፃኑ እንቁላል ሰጥተውታል?» አልኳቸው። «አዎ፣ ሁለቴ» አሉ ሳያመነቱ። በሩን ተደግፋ የምታየን ትልቋ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። «እማዬ፣ እንቁላሉን እኮ ቅዳሜ ገበያ ወስደሽ ሸጥሽው» አለች። እናትየው ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ቅጹ ላይ ግን «2» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ሴትየዋ ዋሹኝ ለማለት ይከብደኛል። የነገሩኝ መደረግ አለበት ተብለው የተማሩትን ነው። ከትምህርቱ በፊት ብጠይቃቸው ኖሮ «ኧረ እንቁላል ለልጅ ማን ይሰጣል፣ ለገበያ ነው» ይሉኝ ነበር፤ መልሱም ትክክል ይሆን ነበር። ትምህርቱ የለወጠው ገበታውን ሳይሆን መልሱን ነው።

«ያልተማረ ቡድን አለን፤ ከሱ ጋር እናነጻጽራለን» የሚል አለ። አይፈታውም። ያልተማሩት ትክክለኛው መልስ የቱ እንደሆነ አያውቁም፤ ስለዚህ እንደወረደ ይናገራሉ። የተማሩት ያውቃሉ። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ከፊሉ የእንቁላል፣ ከፊሉ የይሉኝታ ነው። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ መጠይቁ ብቻውን አይነግርህም።

የሚረዱ ዘዴዎች አሉ። የሚጠይቀው ያስተማረው ሰው አይሁን፤ ተማሪ አስተማሪው ፊት ተሳስቻለሁ አይልም። «ብዙ ጊዜ ምን ይበላሉ?» ከማለት «ትናንት ምን በሉ?» ማለት ይሻላል። ስለ እንቁላል ያስተማርክ እንደሆነ፣ ፈጽሞ ያላነሳሃቸውን ምግቦችም ጨምረህ ጠይቅ። ስለነሱም «ጨምሬያለሁ» የሚል ከበዛ ሰው እያስደሰተህ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የትክክለኛነቱ ፈተና ከትምህርቱ በፊትም በኋላም፣ በሁለቱም ቡድን ላይ ይደረግ። ከመቶው ቤት ሃያውን እንኳ ሄዶ በዓይን ማየት ብዙ ያሳያል።

አቅም ያለው ደምም ያያል። አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሴቶች በሚሰጥ የሥርዓተ ምግብ ትምህርት የሚያገለግል አጭር መጠይቅ አለ። የአትክልትና ፍራፍሬ ጥያቄዎቹ በደም ውስጥ ካለ ካሮቲኖይድ ጋር ተነጻጽረው ነው የተፈተኑት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ካሮቲኖይድ ጎመንና ካሮት የሚሰጡን ቀለም ነው። ያልተበላ ጎመን ደም ውስጥ አይገኝም።

እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። የአንዱ ሰው ድርሻ እንዴት ይታወቃል?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ከውጭ የመጡ ማኑዋሎች በአብዛኛው የሚያልፉት ነው። ማኑዋሉ «ሳህንዎ ላይ ምን ያህል ነበር?» ይላል። የምን ሳህን? አንድ ትሪ፣ አራት ሰው፣ መሃል ላይ ወጥ። ልጁ ከዳር ይበላል፤ አባት ፊት ሥጋው ይገፋል። እናት ደግሞ ሁሉም ከጠገበ በኋላ ፍርፋሪውን ትሰበስባለች። ጉርሻው ሲመጣማ ሒሳቡ ጭራሽ ይዞራል። የጎረስኩት የማን ነው? የኔ ወይስ ያጎረሰኝ?

አንዱ መንገድ ትሪውን በሙሉ ሲቀርብና ሲነሳ መዝኖ፣ የተበላውን በዕድሜና በጾታ ማካፈል ነው። ይህ ግን ሁሉም እንደ አቅሙ በላ ብሎ ከማሰብ ይነሳል። እናትየው ለልጆቿ ስትል ማነሷን ይሸፍናል፤ እኛ ልናውቅ የፈለግነው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ሌላው መንገድ ለአንድ ቀን ለምትጠናዋ ሴት ለብቻዋ ማቅረብ ነው። ልክ ይወጣል፤ ግን ብቻውን የሚበላ ሰው እንደ ወትሮው አይበላም። ሦስተኛው ማሳየት ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ይዘህ ሂድ፤ «ከዚህ ሩቡን ነው ግማሹን?» በል። ወጡን በጭልፋ አስለካ። የዚያን ቤት ጭልፋ ተጠቀም፤ የራስህን አይደለም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። የትምህርቱ ጥያቄ «ምን ያህል?» ካልሆነ መጠኑን እተወዋለሁ። «በልተዋል ወይስ አልበሉም?» ብቻ እጠይቃለሁ። በግራም የተሳሳተ ቁጥር ይዤ ከምመለስ በአዎና በአይ ትክክለኛ መልስ ይሻለኛል።

ጾምስ?

ጾም ያልገባበት መጠይቅ እዚህ አገር አይሠራም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ። ለጾመኛው በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የለም። አሁን አስቡት። ትምህርቱ በጥር ተጀመረ፤ የመጨረሻው መጠይቅ በፋሲካ ማግሥት ተሞላ። የእንስሳት ተዋጽኦ ሽቅብ ወጣ። ያስተማረው ማን ነው፣ እናንተ ወይስ ዶሮ ወጡ?

ማነጻጸሪያውና መጠይቁ በአንድ ወቅት ይሁኑ። የሳምንቱም ቀን ይታይ፤ ሐሙስ ብትጠይቅ «ትናንት» ረቡዕ ነው። በረመዳን ደግሞ «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት» የሚለው ቅደም ተከተል ራሱ ይፈርሳል። በሱሁርና በኢፍጣር ጠይቅ።

የውጭ መጠይቅ ተርጉሜ ብጠቀምስ?

ትርጉሙ ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ነው። «አትክልት በልተዋል?» የሚለውን ውሰድ። ከተማ ውስጥ «አትክልት» ስትል ብዙ ሰው ፊት የሚመጣው የጾም ምግብ ላይ ያለው ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ነው። ድንቹን ሥርዓተ ምግብ ከሥራ ሥር ይመድበዋል። አበሻ ጎመን የበላችው ሴት ደግሞ «አይ፣ ጎመን ነው የበላሁት» ትልሃለች። ስለዚህ የምድቡን ስም ትተህ ምግቡን በስሙ ጥራ፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ።

መጠይቁን ከመፈተንህ በፊት አሥር ሰው አስቀምጥና ጥያቄውን በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲነግሩህ አድርግ። አሥሩ አሥር ነገር ካሉህ ወደ ሚዛኑ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ውጭ ያሉ ወገኖችም ያው ችግር አለባቸው። አሜሪካ ክሊኒክ ገብተው የሚሰጣቸው ቅጽ ላይ እንጀራ የለም። አንዱ «ዳቦ» ላይ ምልክት ያደርጋል፤ አንዱ «ፓንኬክ» ላይ፤ ሌላው ይዘለዋል። የሦስቱም ቁጥር ስህተት ነው።

ለኢትዮጵያ ተፈትኖ ያለፈ መጠይቅ አለ?

አለ። የአመጋገብ ጥራት መጠይቅ የሚባለው 29 የምግብ ዓይነቶችን በአዎና በአይ ይጠይቃል፤ 5 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በቬትናምና በሰለሞን ደሴቶች ሴቶች ላይ፣ ከ24 ሰዓት ትውስታ ጋር ተነጻጽሮ ለሕዝብ ደረጃ መረጃ እንደሚያገለግል ታይቷል። «ለሕዝብ ደረጃ» የሚለው ይሰመርበት። የአንዲትን እናት አመጋገብ ለመመርመር አልተሠራም።

ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚያገለግል ሌላ መለኪያም አለ። ከ10 የምግብ ምድቦች በቀን ቢያንስ 5 መብላትን ያያል። በኢትዮጵያ፣ በካምቦዲያና በዛምቢያ በሚዛን ሲፈተን፣ በጥያቄ የተሰበሰበው መረጃ 5 የሞሉ ሴቶችን ከእውነተኛው አብዝቶ ነው ያሳየው። አንዱ ምክንያት ቁንጥር ነው። ደንቡ ከ15 ግራም ያነሰ አይቆጠርም ይላል። ለወጥ ማጣፈጫ የገባች አንዲት ቲማቲም ለስድስት ሰው ስትካፈል 15 ግራም መድረሷን ማን ያውቃል? ሴትየዋ ግን «ቲማቲም? አዎ» ትላለች። እሷ አልተሳሳተችም።

ቁጥሮቹን እንዴት ላንብባቸው? «ከፍተኛ ተዛምዶ ተገኝቷል» ይላሉ።

ተዛምዶ፣ ማለትም ሁለቱ መለኪያዎች አብረው መውጣት መውረዳቸው፣ ብቻ ከሆነ የተጻፈው ጠርጥር። እንበል ሦስት ሰዎች በሚዛን 1,500፣ 1,800 እና 2,100 ካሎሪ በሉ። መጠይቁ 1,000፣ 1,300 እና 1,600 አለ። ተዛምዶው ፍጹም ነው። መጠይቁ ግን ከእያንዳንዱ ሰው 500 ካሎሪ ሰርቋል። ብላንድና አልትማን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የስታቲስቲክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ ነው ያስረዱት። መታየት ያለበት የሁለቱ መለኪያዎች ልዩነት ነው፤ በአማካይ ስንት ነው፣ ከሰው ሰው ምን ያህል ይዋዥቃል፣ ብዙ የሚበሉት ላይ ይሰፋል ወይ።

ሰዎችን በቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ከፈለግህ፣ ማለትም ማን ብዙ ማን ትንሽ ይበላል ለማለት፣ ተዛምዶው ይጠቅምሃል። «ትምህርቱ በቀን ይህን ያህል ጨመረ» ለማለት ግን አይሆንም።

ስንት ሰው ይበቃል?

ከ50 ባያንስ፤ 100 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ሰዎቹ ደግሞ ትምህርቱ የሚሰጣቸውን የሚመስሉ ይሁኑ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ተፈትኖ ገጠር የሚላክ መጠይቅ ስንት አይቻለሁ።

ሰውየው ሁሉንም በትክክል ቢናገርስ፣ ስህተት ይቀራል?

ይቀራል። የተናገረውን ወደ ብረትና ቫይታሚን የምንቀይረው በምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ነው። የጤፍን ብረት ተመልከት። ከጥናት ጥናት በእጅጉ ይለያያል፤ በሬ አውድማ ላይ ሲያበራየው የሚቀላቀለው አፈር የራሱ ብረት አለውና። የአፈሩን ብረት ደግሞ ሰውነት እንደ እህሉ አይጠቀምበትም። ሴትየዋ ሁለት እንጀራ ማለቷ ልክ ነው፤ ሠንጠረዡ ነው ያሳተን።

ፈትነነው ውጤቱ መጥፎ ቢሆንስ?

መጠይቁን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት ሦስት አራት ጥያቄዎች ናቸው። እነሱን አውጥተህ ትጠይቃለህ፤ አልገባቸውም፣ ረሱ፣ ወይስ አፈሩ?

እኛ የእንቁላሏን ጥያቄ ቀየርናት። «ለሕፃኑ ሰጡት?» ማለቱን ትተን ከዶሮዎቹ ጀመርን። በዚህ ሳምንት ስንት ጣሉ? ስንቱ ተሸጠ? ስንቱ ሊታቀፍ ቀረ? ከዚያ የተረፈውን ማን በላው? እናቶቹ ስለ ዶሮ ሲያወሩ ዘና ይላሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በሚቀጥለው ዙር እንቁላል የበሉ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ወረደ። ሪፖርቱን ያየው አለቃችን «ያምናው ይሻል ነበር» አለ።